ዱላው ሲቀር ምን ይተካው?

«ወላጅ ካላመጣህ ክፍል አትገባም!» ይህን ያልተናገረ መምህር፣ ይህን ያልሰማ ተማሪ በአገራችን ከስንት አንድ ነው። በአርብቶ አደሮቹ አገር፣ በነጌሌ ቦረና፣ በወደራ፣ በዱብሉቅ ወይም በያቤሎ ግን ትእዛዙ ልጁን ሩቅ ይወስደዋል። አባቱ ከብቶቹን እየነዳ ፎራ፣ ማለትም ራቅ ወዳለ ግጦሽ፣ ወርዷል። እናቱ ያለችው በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ነው። ልጁ ራሱ ከተማ የሚያድረው አጎቱ ቤት ወይም ከጓደኞቹ ጋር በተከራያት አንዲት ክፍል ነው። ወላጅ ፍለጋ ወጣ ተብሎ አንድ ሳምንት ይቀራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ከመንደሩ ልጆች ጋር ወደ ሻኪሶ ወርቅ ፍለጋ ይሄዳል፣ ወይም ገበያ ገብቶ ሸክም ይጀምራል። አንድ የተረበሸ ክፍለ ጊዜን ለማረም የተሰጠው ቅጣት ልጁን ከትምህርት ገበታ አስነሳው ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ከዚህ አዙሪት መውጣት ለሚፈልጉ ለእርስዎ ነው፤ የክፍል ኃላፊ መምህር ይሁኑ፣ ዩኒት ሊደር ወይም ምክትል ርዕሰ መምህር። የማቀርበው አሠራር ጥፋት ሲደርስ የቅጣቱን ዓይነት ከመምረጥ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ማን ተጎዳ? ጉዳቱ በምን ይካሳል? ካሳውን የሚፈጽመው ማን ነው? አጥፊው ያበላሸውን እያቃና ከጓደኞቹ ጋር ይቆያል፤ የተጎዳውም የሚሰማው ያገኛል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ሞክረው ትተውታል። የተዉት ልጆቹ እንቢ ስላሉ አይመስለኝም። አንዱ መምህር ብቻውን ሲያስታርቅ ሌላው በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አርጩሜ ይዞ ስለሚገባ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው።

መጀመሪያ መምህራኑ ይስማሙ

አንድ ክፍል ይምረጡ፤ 7ኛ «ሀ» ይሁን እንበል። ትምህርት ቤቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አይነሱ። በዚያ ክፍል የሚያስተምሩትን መምህራን በሙሉ፣ የስፖርቱም መምህር ሳይቀር፣ ለአንድ ሰዓት ይሰብስቡ። ሰዓቱን ከየት አመጣለሁ አይበሉ። ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ተመድቧል፤ ብዙ ቦታ ይህ ሰዓት ፖርትፎሊዮ በመሙላት ያልቃል። ከዚያ ላይ ጥቂቱን ለዚህ ማዋል ከማንኛውም ቅጽ ይበልጣል።

ለእያንዳንዱ መምህር ነጭ ወረቀት ይስጡና ሁለት መልስ ያስጽፉ። በዚህ ክፍል በጣም የሚያስቸግረኝ ምንድን ነው? ሲደርስስ ምን አደርጋለሁ? ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ ችግሩ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ዘግይቶ የመጣን ልጅ አንዱ በር ላይ ያንበረክከዋል፣ ሌላዋ ዝም ብላ ታስገባዋለች፣ ሦስተኛው ነጥብ ይቀንስበታል። ልጆቹ ይህን ልዩነት ከትምህርት ፕሮግራሙ እኩል በቃላቸው ይዘውታል። የሚፈሩትን መምህር ሰዓት ጸጥ ብለው ያሳልፉና የማይፈሩትን መምህር ሰዓት ያተራምሱታል። የሌላውን የዱላ ዕዳ የምትከፍለው አብዛኛውን ጊዜ የማትመታዋ መምህርት ናት።

ከወረቀቶቹ ሦስት ጥፋቶች ብቻ ይምረጡ፤ ማርፈድ፣ መሳደብና መማታት ሊሆኑ ይችላሉ። ለሦስቱም ሁሉም መምህር የሚሰጠው አንድ ዓይነት ምላሽ ይኑር። ለማርፈድ ለምሳሌ፦ ልጁ ይግባ፣ ይቀመጥ፣ ይማር። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መምህሩ ለብቻው «ምን አጋጠመህ?» ይበለው። ሦስተኛ ጊዜ ከደገመ ለክፍል ኃላፊው ይነገር። በበጋ ወራት ውኃ ወረፋ ላይ ቆማ የምታረፍድ ስንት ልጅ እንዳለች የሚታወቀው ያኔ ነው። ሦስቱ ሲለመዱ አራተኛውን ይጨምሩ፤ ከዚያ በፊት ግን አይቸኩሉ።

«ያለ ዱላ ይህ ክፍል አይያዝም» የሚል መምህር ይኖራል። ያድምጡት። ስድሳና ሰባ ተማሪ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በቆላ ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ላይ መያዝ ቀላል አይደለም፤ እሱም ያደገው በዚያው ዱላ ነው። ሕጉን ያስታውሱት፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ደንግጓል። ሕጉና ልማዱ ምን ያህል እንደተራራቁም ይንገሩት፤ «ያንግ ላይቭስ» የተባለው፣ ልጆችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለው ጥናት በኢትዮጵያ 8 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሲጠይቅ ከአራቱ ሦስቱ ባለፈው ሳምንት መምህር ተማሪ ሲመታ አይተዋል። ከዚያ ክርክሩን አያስረዝሙት። ይልቅ አንድ ነገር ይለምኑት፤ ዱላውን ለአንድ ወር፣ በዚህ አንድ ክፍል ብቻ ያስቀምጥ። በምላሹ ሲቸግረው የሚጠራው ሰው ይሰጠው፤ ጎረቤት ክፍል ያለ ባልደረባ ወይም ነፃ ክፍለ ጊዜ ያለው መምህር። ዱላ ብዙ ጊዜ የሚነሳው መምህሩ ብቻውን የቀረ ሲመስለው ነው።

ሌላው ጠቃሚ ነገር እርስ በርስ ክፍል ገብቶ መተያየት ነው። ለግምገማ አይሁን፣ ነጥብም አይሰጥበት። በየትምህርት ቤቱ ድምፅዋን ሳታነሳ ክፍል የምትይዝ አንዲት መምህርት አትጠፋም። ልጆቹ ሲገቡ በር ላይ ቆማ በስማቸው ትጠራቸዋለች። የሚጀምሩት ሥራ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል። የሚያወራ ልጅ ሲኖር ከሩቅ አትጮህበትም፤ ማስተማሯን ሳታቋርጥ ሄዳ አጠገቡ ትቆማለች። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይህን ያየ መምህር የሚወስደው ነገር ከአንድ ቀን ሥልጠና ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ምኞት ብቻ እንዳይመስልዎ ከአህጉራችን አንድ ነገር ልጥቀስ። በኡጋንዳ ሉዌሮ ወረዳ በ42 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። «ጉድ ስኩል ቱልኪት» በተባለው አሠራር ርዕሰ መምህሩ፣ መምህራኑ፣ ተማሪዎቹና የአስተዳደር ሠራተኞቹ ለ18 ወራት ያህል አብረው ሠሩበት። አሠራሩን በተገበሩት ትምህርት ቤቶች መምህራንና ሠራተኞች በልጆች ላይ የሚያደርሱት አካላዊ ጥቃት ካልተገበሩት ጋር ሲነጻጸር በ42 በመቶ አነሰ። ክፍሎቻቸው ከእኛ አይሰፉም፣ ገንዘባቸውም ከእኛ አይበልጥም። የሠራላቸው ትምህርት ቤቱ በአንድ ቃል መናገሩ ይመስለኛል።

የአገሩን ሸንጎ ይወቁ

ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ መምህር ከሆኑ ይህን ክፍል ቀስ ብለው ያንብቡት። የሚያስተምሩት ልጅ የመጣው ነገርን በንግግር ከሚፈታ ሕዝብ ነው። ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ ጋዮ ላይ ተሰብስበው ሕጋቸውን የሚመረምሩበት ጉሚ ጋዮ አለ። ጉባኤው አንዱ አካሉ የሆነው የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ከዚህ ትልቅ ጉባኤ በታች ደግሞ ዕለት ተዕለት ሰው የሚዳኝበት ኮራ አለ። ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ በምርቃት ይከፍታሉ፤ ተናጋሪው ሳይቋረጥ ይጨርሳል። ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ የጠየቀ ሰው የተጣለበት ቅጣት ይቀንስለታል። የሚፈለገው ሰውዬው ወደ ሕዝቡ ሰላም እንዲመለስ ስለሆነ ነው።

በአንጻሩ በብዙ ትምህርት ቤቶች ያመነ ልጅ ይገረፋል፤ የካደ ምስክር ስለሌለ ያመልጣል። መዋሸትን የምናስተምረው እኛው ነን። እንግዲህ ከኮራው የሚወስዱት የመጀመሪያው ነገር ይህ ይሁን፦ እውነቱን የተናገረ ልጅ ካሳው ይቀልለት፣ ይህም ለተማሪዎች አስቀድሞ ይነገር።

ዘመናዊ ተብሎ የሚቀርብልን አሠራርም ሥሩ እንዲህ ያለ ባህል ነው። ኒውዚላንድ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ያጠፋ ልጅ ጉዳይ ከቤተሰቡና ከተበዳዩ ጋር በአንድ ሸንጎ እንዲታይ ስታደርግ ከማኦሪ ሕዝብ ልማድ ወስዳ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ማሩቺዶር በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በተማሪዎች የዳንስ ምሽት ላይ ድብደባ ከደረሰ በኋላ፣ ይኸው ሸንጎ ወደ ትምህርት ቤት ገባ። ነጌሌ ላይ ያለ መምህር ይህን ለመማር አውስትራሊያ መሄድ አያስፈልገውም፤ የተማሪዎቹን አያቶች መጠየቅ ይበቃዋል። አንድ የአገር ሽማግሌ መምህራን ስብሰባ ላይ ይጋብዙና ኮራ እንዴት እንደሚካሄድ ያስረዱ።

የሚተውም አለ። የአዋቂዎቹ ሸንጎ የወንዶች ነው፣ የሚናገሩትም ታላላቆች ናቸው። ልጆች ክብ ሠርተው በሚነጋገሩበት የትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ የ11 ዓመቷ ልጅ ቃል ከ16 ዓመቱ ወንድ ልጅ ቃል እኩል ካልተሰማ ሥራው ከንቱ ነው። ሴት ልጅ እንድትናገር የሚያበረታታ ነገር ከባህሉ ከፈለጉ ደግሞ ሲንቄ አለ፤ ሴቶች በትራቸውን ይዘው ጠብ መሃል የሚገቡበትን ሥርዓት የማያውቅ የጉጂ ልጅ የለም። እንዲሁም የልጅ ጠብ ወደ ጎሳ ካሳ፣ ወደ ከብት ቅጣት እንዳይዞር ይጠንቀቁ። በትምህርት ቤት የደረሰ ጥፋት የልጁ ነው፤ ካሳውም በልጁ አቅም ይመጠን።

ክበቡን ጠብ ሳይኖር ይጀምሩ

ልጆች መነጋገርን የሚማሩት ሰላም ሳለ ነው። የክፍል ኃላፊው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ወይም ዓርብ ከመውጫ በፊት፣ ልጆቹ ክብ ሠርተው እንዲነጋገሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ይስጥ። ሰባ ልጅ በአንድ ክበብ አይሆንም፤ በረድፍ ከፋፍለው፣ ግማሾቹ ሲነጋገሩ ሌሎቹ ከኋላቸው ቆመው ያዳምጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጡ። ከዛፍ ሥር ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ተራ የደረሰው ልጅ የሚይዘው አንድ ነገር ይኑር፤ እሱን ያልያዘ አይናገርም። በትር አይሁን፤ ልጆቹ በትርን በሌላ ነገር ያውቁታል። ዳስተርም አይሁን፤ ስንቱ ዳስተር በልጅ ጭንቅላት ላይ ተወርውሯል። ከጨርቅ የተሠራች ኳስ ትበቃለች። መናገር ያልፈለገ ኳሷን ያሳልፍ፤ ማንም «ለምን?» አይበለው። ቋንቋውን ልጁ ይምረጥ። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም አማርኛ ይናገር፤ ያልገባው ካለ አጠገቡ ያለ ጓደኛ ይተርጉምለት። ይህ ብቻውን ስንቱን ዝምተኛ ልጅ እንደሚያናግር ሲያዩ ይገረማሉ።

የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ቀላል ይሁኑ። ዛሬ ጠዋት ምን ሠርተህ መጣህ? በዚህ ክፍል ውስጥ ደስ የሚልህ ምንድን ነው? መማር የሚከለክልህስ? ስለ ጎሳ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ቤት ሀብት አይጠይቁ። በተለይ «ቤታችሁ ስንት ከብት አለ?» የሚለው፣ ለጨዋታም ቢሆን፣ ይቅር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ቦረና ውስጥ መንጋው በሙሉ ያለቀበት ቤተሰብ ብዙ ነው። የዚያ ቤት ልጅ ዛሬ ከእርስዎ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሆናል፤ የሚያስቸግርዎትም እሱ ይሆናል።

ጠብ ሲደርስ

አንድ ጉዳይ እንውሰድ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ያለው ሮቶ በቦቴ ውኃ ተሞልቷል፤ ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ጀሪካናቸውን ቀድተው ይወስዳሉ። የ8ኛ ክፍል ልጅ ወረፋ ጥሶ ገባ፤ የ5ኛ ክፍሏ ልጅ «ተራዬ ነው» አለችው፤ ጀሪካኗን በእግሩ ሲመታው ከሥሩ ተሰነጠቀ። ልጆች ጮኹ፣ ድንጋይ ያነሳም ነበር።

በዚያ ሰዓት የሚደረገው መለየት ብቻ ነው። ንዴት ላይ ያለ ልጅ አይመረመርም፣ አይመከርምም። የተጎዳችውን ልጅ አንዲት መምህርት ይዛ ትቀመጥ፤ ውኃ ሳትይዝ ቤቷ እንዳትገባ ለዛሬ ከትምህርት ቤቱ ጀሪካን ይሰጣት። ልጁን ሌላ መምህር ይውሰደው። ንግግሩ ለነገ ጠዋት ይቀጠር፤ ከሁለት ቀን በላይ ግን አይደር።

በማግሥቱ መጀመሪያ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሰሙ። ጥያቄዎቹ ለሁለቱም ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዟቸው። ምን ሆነ? ያን ጊዜ ምን እያሰብክ ነበር? ከዚያ ወዲህስ ምን አሰብክ? ማን ተጎዳ? ምን ቢደረግ ነገሩ ይስተካከላል? «ለምን አደረግህ?» የሚለውን ይተዉት፤ «ለምን» ሲባል ልጅ ሰበብ ይፈልጋል፣ «ምን ሆነ?» ሲባል ግን ታሪኩን ይናገራል።

«ምን ሆነ?»
«ጀሪካኑን መታሁት።»
«ያን ጊዜ ምን እያሰብክ ነበር?»
«ውኃው ሊያልቅ ነበር። ባዶ እጄን ብገባ አክስቴ ታባርረኛለች።»

ይህን መልስ በዱላ የሚያገኘው የለም። ልጁ በዘመድ ቤት እየኖረ፣ ውኃ መቅዳት የቤት ኪራዩ እንደሆነ ትምህርት ቤቱ ያወቀው አሁን ነው። ይህ ግን ጥፋቱን አያነሳለትም። የልጅቷ መልስ ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል፦ «ያለን ጀሪካን እሱ ብቻ ነው። እናቴ ስታየው አለቀሰች።» ጉዳቱ ግቢው ውስጥ አልቀረም ማለት ነው፤ የተጎዱት ሁለት ናቸው፣ ልጅቷና እናቷ።

አሁን ሁለቱን ለየብቻ አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፤ ፊት ለፊት መገናኘት ትፈልጋላችሁ? ልጅቷ አልፈልግም ካለች አትገደድ፤ ቃሏን መምህርቷ ወይም ጓደኛዋ ታድርስላት። ከፈለገች ከጎኗ የምትፈልገውን ሰው ይዛ ትምጣ። በሸንጎው ላይ ስድስት ሰባት ሰው ይበቃል፦ ሁለቱ ልጆች፣ የየክፍላቸው ኃላፊዎች፣ የልጅቷ እናት ወይም ታላቅ እህት፣ የልጁ አክስት። በመጀመሪያ የምትናገረው የተጎዳችው ናት። ልጁ እስክትጨርስ ይሰማ። ከዚያ ተራው የእሱ ነው።

«ይቅርታ በላት!» ብሎ አዋቂ አይዘዘው። ታዞ የወጣ ይቅርታ አንገት ደፍቶ የሚጣል ቃል ነው፤ ሁለቱም ልጆች ያውቁታል። ይቅርታው ካለ ራሱ ይመጣል፤ ካልመጣም ካሳው ይፈጸም። ካሳው በልጁ እጅ የሚሠራ ነገር ይሁን። የተሰነጠቀ ጀሪካን በጋለ ብረት ፕላስቲክ እያቀለጡ የሚጠግኑ ሰዎች ገበያ አሉ፤ ወስዶ ያስጠግነው፣ ራሱ ተሸክሞ ከአክስቱ ጋር ለልጅቷ እናት ያድርሰው። የጥገናውን ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ እዚያው ይነጋገሩ፤ አክስቱ ከከፈለችለት በሥራ ይመልስላት። ሽንት ቤት ማጽዳት፣ ግቢ መጥረግ የመሰለ ከጥፋቱ ጋር የማይገናኝ ነገር አይጨምሩበት፤ ልጁ ሁለቴ እንደተቀጣ ይቆጥረዋል።

ከሁሉ የማይዘለለው ጥያቄ ግን ለትምህርት ቤቱ ለራሱ ነው። ሮቶው አጠገብ አዋቂ ነበረ? ወረፋው የማን ነበር? በቦረና የቱላ ጉድጓዶች ላይ የየዕለቱን የውኃ ተራ የሚቆጣጠር አባ ሄሬጋ አለ፤ መንጋ ያለ ተራው አይጠጣም። ትምህርት ቤቱም ተራ አስጠባቂ ይምረጥ፤ ከየክፍሉ አንድ ወንድና አንድ ሴት ተማሪ፣ ታናናሾች አስቀድመው የሚቀዱበት ደንብ፣ ከአጠገባቸውም ተረኛ መምህር። የ8ኛ ክፍሉ ልጅ ካሳውን ከፈጸመ በኋላ ከተራ አስጠባቂዎቹ አንዱ ቢሆን እኔ አልቃወምም።

ስምምነቱ በሦስት መስመር ይጻፍ፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። በሳምንቱ የክፍል ኃላፊው ሁለቱንም ይጠይቅ። ክትትል ያልተደረገበት ስምምነት ልጆችን የሚያስተምረው ቃል ዋጋ እንደሌለው ነው። ልጁ ካልፈጸመ ሸንጎው እንደገና ይቀመጥ፤ «ምን ከለከለህ?» ይባል፤ ካሳው አቅሙን አልፎ ከሆነ ይቀነስ፤ እንቢ ብሎ ከሆነ ግን ጉዳዩ በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት ወደ ርዕሰ መምህሩ ይሄዳል። ይህ መንገድ መዘዝ የሌለበት አይደለም፤ ልጆቹም ይህን ማወቅ አለባቸው።

ወደ ሸንጎ የማይቀርቡ ጉዳዮች

እዚህ ላይ ድርድር የለም። አስገድዶ መድፈር፣ ሙከራውም ቢሆን፣ ጠለፋ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ጋብቻ፣ የጦር መሣሪያ፣ መምህር በተማሪ ላይ የፈጸመው ፆታዊ ጥቃት በክበብ አይታይም፤ በሽማግሌም አይሸፈንም። ጉዳዩ በዚያው ቀን ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ልጅቷን ከበዳይዋ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ «ታረቁ» ማለት ሁለተኛ በደል ነው። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች በካሳ ጨርሰነዋል ቢሉዎትም የትምህርት ቤቱ ግዴታ አይነሳም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የጎሳ ጠብ ነው። በገበያ ወይም በግጦሽ የተነሳ ግጭት በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ይገባል። የ2010ሩ የጌዴኦና የጉጂ ግጭት ስንት ልጅ ከትምህርት ቤት እንዳስቀረ ያየ ሰው ይህን አይንቅም። እንዲህ ሲሆን ልጆቹን የየወገናቸው ጠበቃ አድርገው ክበብ ውስጥ አያስቀምጡ። አስቀድመው የሁለቱንም ወገን ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ አግኝተው ያነጋግሩ፤ የሳምንቱ ክበብም ለጊዜው ይቆም። ልጆቹ የሚመለሱበት የጋራ ሥራ፣ ስፖርት ወይም የትምህርት ቤቱ ክለቦች እንቅስቃሴ ይቅደም።

ወላጅን በገበያ ቀን

«ወላጅ አምጣ» የሚለውን ይተዉትና በምዝገባ ቀን እያንዳንዱ ተማሪ ከተማ ውስጥ የሚያውቁትን ሁለት አዋቂዎች ስምና ስልክ ያስመዝግብ፤ አክስት፣ የሰፈር ሱቅ ባለቤት፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሊሆን ይችላል። የገጠር ወላጆች ከተማ የሚመጡት በገበያ ቀን ነው። በዚያን ቀን አንድ መምህር ለአንድ ሰዓት ግቢ ውስጥ ይቆይላቸው፤ ወሬው በአንድ ወር ውስጥ ሁሉም መንደር ይደርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ስለ ልጃቸው አንድ ደግ ነገር ይንገሯቸው። ከመምህር አፍ ስለ ልጁ መልካም ቃል ሰምቶ የማያውቅ አባት ብዙ ነው፤ በችግር ጊዜ ሲጠሩት የሚመጣው ያን ቀን ያስታወሰ ነው። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱንም ከገንዘብ መዋጮ ውጭ ለዚህ ያሠሩት።

መዝገቡ

አንድ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ሆነ፣ ማን ተጎዳ፣ ምን ተስማሙ፣ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም። የልጆቹ ስም ያለበት ስለሆነ በየጠረጴዛው አይዝረክረክ፤ ዩኒት ሊደሩ ይቆልፍበት። በየወሩ መጨረሻ የ7ኛ «ሀ» መምህራን ተሰብስበው ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ያንብቡ። ጠቡ የሚበዛው ከዕረፍት መልስ ነው? ሽንት ቤቱ ጀርባ? መምህር ባልገባበት ክፍለ ጊዜ? የመጨረሻው ከሆነ መልሱ እኛው ዘንድ ነው፤ ባዶ ክፍለ ጊዜ የሚወልደውን ሁከት የትኛውም ክበብ አይፈውሰውም፤ የሚተካ መምህር ተመድቦ ችግሩ ከሥሩ ይነቀል። ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ የሚበዛ ከሆነ ደግሞ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡትን ልጆች ይቁጠሩ።

ትምህርቱንም በዓይንዎ ይከታተሉ። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ይህን አሠራር ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም መርምሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት ከትምህርት መታገድ ቀንሷል፣ መምህራንም ስለ ትምህርት ቤታቸው የተሻለ መስክረዋል፤ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች የፈተና ውጤት ግን ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ሸንጎ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አይጠራ፤ በዕረፍት ወይም ከመውጫ በኋላ ይሁን። የወሩን ፈተና ውጤት ከመዝገቡ ጎን አስቀምጠው ያንብቡ።

በቆላ ከተሞች መምህር ብዙ አይቆይም፤ ዝውውር ይመጣል፣ የለመደው ይሄዳል፣ አዲሱ ሌላ ልማድ ይዞ ይገባል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሳይዘጋ የተስማማችሁባቸውን ሦስት ምላሾች በአንድ ገጽ አስጽፈው ርዕሰ መምህሩን ያስፈርሙ፤ ያልተፈጸሙትን ስምምነቶች ከመዝገቡ ነቅሰው ለሚቀጥለው ክፍል ኃላፊ በአካል ያስረክቡ። መስከረም ላይ አዲስ የተመደበ መምህር ሲመጣ፣ ገና ፕሮግራሙ በእጁ ሳይገባ፣ ያን ገጽ ይስጡትና ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ አንድ መምህር ጋር አጣምረው ክፍል ያስገቡት።